ከመከራ ቀን አስቀድሞ ባልንጀራን ስለ መርዳት

አንባቢ ሆይ፥ ባልንጀራን መውደድ የሕግ ሁሉ ማሰሪያ እንደ ሆነ ከሕፃንነትህ ጀምሮ ሰምተሃል። ይሁን እንጂ ይህ ፍቅር ሥራውን በየትኛው ሰዓት መጀመር እንደሚገባው ራስህን ጠይቀህ ታውቃለህን? ረኃብ ከገባ በኋላ እህል መላክ፥ ጎርፍ ቤትን ከወሰደ በኋላ ብርድ ልብስ መስጠት፥ ሙት ከተቀበረ በኋላ ከሐዘንተኛ ጋራ መቀመጥ መልካም ሥራ እንደ ሆነ የሚክድ የለም፤ እኛም አንክድም። ነገር ግን ድርቁ እንደሚመጣ አስቀድሞ ታውቆ ሳለ፥ ወንዙም በየጥቂት ዓመቱ ከአፉ እንደሚያልፍ ሽማግሌዎች ሁሉ እያወሩት፥ ክፉው ቀን እስኪደርስ ዝም ብሎ ቆይቶ ከዚያ በኋላ በልቅሶና በምጽዋት የሚነሣ ሰው ባልንጀራውን ወዷል ይባላልን? በዚህ ትንሽ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለገበሬ ብቻ ወይም ለመንግሥት ሹም ብቻ የሚቀርብ አይምሰልህ። በከተማ የምትኖር፥ ደመወዝ የምትቀበል፥ ወይም በትምህርት ቤት የምትማር አንተ፥ ከምትገምተው ይልቅ በዚህ ነገር ውስጥ ገብተህ ትገኛለህ። እንዴት እንደ ሆነ ወደ ታች እናሳይሃለን።

አስቀድሞ በሐዋርያት ሥራ በ11ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ አስብ። አጋቦስ የሚባል ነቢይ ከኢየሩሳሌም ወደ አንጾኪያ ወርዶ ጽኑ ረኃብ እንደሚመጣ አስታወቀ። በአንጾኪያ የነበሩት ምእመናንም ይህን ቃል በሰሙ ጊዜ ለይሁዳ ወንድሞቻቸው እንደ የአቅማቸው ርዳታ ለመስደድ ቆረጡ፤ ያዋጡትንም በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። አስተውል፤ ለመስጠት የቆረጡት በወሬው ነው። የሞተ ሕፃን አላዩም፥ ከደጃቸው የቆመ ለማኝም አላስቸገራቸውም። ተቀባዮቹም የሩቅ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ከሰጪዎቹም ብዙዎቹ ከአሕዛብ ወገን ስለ ነበሩ በዘር እንኳ ከእነርሱ ጋራ አይገናኙም። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ከፍ ብሎ፥ የክርስቶስ ተከታዮች ክርስቲያን የሚለውን ስም መጀመሪያ ያገኙት በዚችው በአንጾኪያ እንደ ሆነ ተጽፏል። እንግዲህ ይህ ስም መጀመሪያ የወጣላቸው ሰዎች፥ ከስማቸው ቀጥሎ የተጻፈላቸው ሥራ በቃል ብቻ አምነው የሰበሰቡት ርዳታ ነው።

በዘመናችን አጋቦስን መጠበቅ አያሻንም። ኤልኒኞ በተባለው ምክንያት የታላቁ ሰላማዊ ውቅያኖስ ውኃ ከልኩ አልፎ በሞቀ ጊዜ፥ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ እንደሚያንስ የአየር ጠባይ መርማሪዎች ከወራት በፊት ይናገራሉ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው እንዲሁ ነበር፤ በተከታዩም በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ ርዳታ አስፈለገው። ነገር ግን በ1977 ዓ.ም. በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው እንዳለቀ ያለ እልቂት በዚያ ዓመት አልሆነም። የዚህም ምክንያት ብዙ ነው፤ በ1977 ጦርነት እንደ ነበረና እንዳባባሰው አንዘነጋም። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ሴፍቲኔት የሚባለው ሥራ በ1997 ዓ.ም. ተጀምሮ የነበረ መሆኑ ነው። በዚህ ሥራ ችግረኛው ቤተ ሰብ እህል በሚያጥርበት ወራት እርከን እየሠራ፥ ኩሬ እየቆፈረ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል፤ ሽማግሌና ድውይ፥ ነፍሰ ጡርም ሳይሠሩ ይቀበላሉ። ክፉው ዓመት ሲመጣ የሰዎቹ ስም በመዝገብ፥ መንገዱም የታወቀ ሆኖ ተገኘ። ለመዝገብ ማንም አያለቅስም፥ ማንም አያመሰግነውም፤ ነገር ግን የብዙ ሰው ነፍስ በመዝገብ ተርፋለች።

አንዳንድ ሰው በዚህ ስፍራ እንዲህ ሲል ይቃወማል። የነገን ነገር ለእግዚአብሔር መተው ይገባል፤ ጌታችን በተራራ ስብከቱ ስለ ነገ እንዳንጨነቅ አስተምሮ የለምን? ለክፉ ቀን ማሰናዳት የእምነት ጉድለት ነው ይላል። ለዚህ ሰው መልሳችን ይህ ነው። ጌታችን የከለከለው ሰው ስለ ራሱ መብልና ልብስ የሚጨነቀውን ጭንቀት ነው። ስለ ገዛ ነገህ ሳትጨነቅ ብታድር ይህ እምነት ይባልልሃል፤ ስለ ባልንጀራህ ነገ ሳትጨነቅ ብታድር ግን ይህ ቸልታ ነው እንጂ እምነት አይደለም። በራሱ ጎተራ ላይ ድርብ ቁልፍ አስገብቶ፥ ስለ ጎረቤቱ ባዶ ጎተራ ሲነገረው ግን እግዚአብሔር ያውቃል የሚለውን ሰው አይተነዋል፤ የእምነት ቃሉን የሚያወጣው በሌላው ሰው ዕዳ ላይ ብቻ ነው።

ሌላው ደግሞ መከራ የኃጢአት ቅጣት ነው፥ ስለዚህ በእግዚአብሔር ፍርድ ውስጥ መግባት አይገባም ይላል። ይህ ቃል ከመጀመሪያው ይልቅ የከፋ ነው። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፥ ጌታችን የሞቱትን ከቀሩት ይልቅ ኃጢአተኞች አድርገው እንዳይቈጥሯቸው ሰሚዎቹን ከልክሏል፤ ይህም በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ይገኛል። የሞተውን ሰው ኃጢአት መቍጠር ሕያው የሆነውን ሰው ከሥራ ለማምለጥ ይጠቅመዋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሰየሙትን ዘመን ሰምተሃል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከውጭ አገር በመጡ ከብቶች የደስታ በሽታ የተባለው የከብት በሽታ ገባ፤ ከከብቱም ከ10 እጅ 9 እጅ ያህል እንዳለቀ ይነገራል። በሬ ሲያልቅ ማረሻው ቆመ፤ በላዩም ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ ረኃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ። አፄ ምኒልክ ሕዝቡ በሬ የለንም ብሎ እጁን አጥፎ እንዳይቀመጥ ብለው በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ተጽፏል። በዚያን ዘመን ያን በሽታ ከሰማይ የወረደ ቍጣ ነው ብለው የተቀበሉት ብዙ ነበሩ፤ አንፈርድባቸውም፥ መድኃኒቱን የሚያውቅ አልነበረምና። አሁን ግን የሆነውን ስማ። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ይህ በሽታ ከምድር ላይ ፈጽሞ እንደ ጠፋ አስታወቀ። የጠፋውም በክትባት ነው። በኢትዮጵያ መጨረሻ የታየው በአፋር አገር፥ በ1987 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በዚያም በረሃ ያለ በረዶ ብዙ ቀን የሚቆይ ክትባት ተሠርቶ፥ መርፌውን ይዘው ከመንጋ ወደ መንጋ የሄዱት የአፋር አርብቶ አደሮች ራሳቸው ነበሩ። የከተማ ሐኪም ሊደርስበት ያልቻለውን የግጦሽ ስፍራ እነርሱ ያውቁታል፤ ከብቱም የገዛ ከብታቸው ነው። የእግዚአብሔር ቍጣ ነው የተባለው ነገር በሰው ትጋት ከጠፋ፥ ዛሬም ቍጣ ነው ብለን እጃችንን ያጠፍንበት ሌላ ነገር ይኖር እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።

አሁን ወደ ነገሩ ፍሬ እንግባ። ረኃብ በአንድ ገበሬ ቤት እንዴት እንደሚገባ አስተውል፤ በአንድ ሌሊት የሚገባ አይደለምና። ዝናቡ ሲቀር በመጀመሪያ እናት የራሷን መብል ትቀንሳለች። ቀጥሎ ዶሮውና ፍየሉ ወደ ገበያ ይሄዳሉ። ከዚያም ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀርና ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ይላካል። ለዘር የተቀመጠው እህል ተከፍቶ ይበላል። በመጨረሻም በሬው ይሸጣል። በሬው በተሸጠ ዕለት በዚያ ቤት የሞተ ሰው የለም፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቢያይ ጢስ ከጣሪያው ሲወጣ ያያል። ነገር ግን የሚመጣው ዓመት መከር የጠፋው በዚያን ዕለት ነው። ዝናቡ በጊዜው ቢመለስ እንኳ የሚያርስበት ስለሌለው መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ሰጥቶ፥ ከገዛ ማሳው ምርት ግማሹን ብቻ ይቀበላል። በግማሽ ምርት ደግሞ በሬ አይገዛም። በዚህ መንገድ የአንድ ዓመት ድርቅ የ10 ዓመት ድህነት ይሆናል። ስለዚህ በሬው ሳይሸጥ የደረሰ አንድ ኩንታል እህል፥ ከተሸጠ በኋላ ከሚደርስ ብዙ ኩንታል ይበልጣል። በኋላ የሚደርሰው እህል ሰውን ያኖረዋል፤ ቀድሞ የሚደርሰው ግን ሰውን ከነቤቱ፥ ከነማረሻው፥ ከነክብሩ ያኖረዋል። ያገራችን ሰው ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ይህን ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውም ስለ ዘገየው ርዳታ የተነገረ ይመስላል።

በዚህ ነገር አንተ የት እንዳለህ እነሆ። ድርቅ በገባ ጊዜ ገበሬዎቹ ሁሉ ከብታቸውን ባንድ ጊዜ ለመሸጥ ስለሚወጡ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ ሁሉም እህል ለመግዛት ስለሚሹ ደግሞ የእህል ዋጋ ይወጣል። ያ በሬ በደጉ ዘመን ያስገኝ ከነበረው እህል በክፉው ዘመን ጥቂቱን ብቻ ያስገኛል። የከተማ ሰውም እህል ሲወደድ ያማርራል፤ በግ ሲረክስ ግን አያማርርም። በዓል ደርሶ ወደ ገበያ ወጥተህ በጉን ካሰብኸው ዋጋ በታች ባገኘኸው ጊዜ ደስ ይልሃል፥ ለጎረቤትህም ታወራለህ። በጉ ለምን ከሳ፥ ባለቤቱስ ለምን ከሩቅ አገር ነድቶ መጣ፥ ለመከራከርስ ለምን አቅም አጣ ብለህ ጠይቀሃልን?

ርካሽ በግ መግዛት ኃጢአት ነው አንልም። ሻጩ ገዢ ይሻል፤ ሁሉ ሰው ራርቶ ከመግዛት ቢከለከል ለሻጩ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ከደጉ ዘመን ዋጋ ያተረፍኸው ልዩነት የመጣው ከወንድምህ ጭንቀት ነውና፥ ይህን ትርፍ በሙሉ የራሴ ነው ብለህ ወደ ኪስህ ከመክተትህ በፊት ጥቂት ቁም። ሁለተኛ፥ ገበያው ለአንተ እንደ አጋቦስ ነው። ጋዜጣ ሳይጽፈው፥ ሹም ሳይናገረው፥ የበጉ ዋጋ አስቀድሞ ነግሮሃል። ካወቅህ በኋላ አላወቅሁም ልትል አትችልም።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ የሆነው ይህን ያስረዳል። በዚያ ዓመት ዝናብ ቀርቶ ብዙ ሕዝብ አለቀ። መንግሥትም ነገሩን ሸሸገ። አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለሰው አሳዩ፤ ተማሪዎችም ጮኹ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ አገር ከታየ በኋላ ዓለም ሁሉ ሰማው። አማርትያ ሴን የተባለው የሕንድ ተወላጅ የኢኮኖሚ ሊቅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረኃብ መርምሯል። ያገኘውም ይህ ነው፤ በአገሪቱ በጠቅላላው እህል እጅግ አልጐደለም ነበር፤ በደሴ ገበያ እንኳ ዋጋው ሰው እንደሚያስበው አልናረም፤ ከወሎም ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን ነበር። የሞቱት ሰዎች የሚገዙበት ነገር ስላልነበራቸው ሞቱ። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ነገር ላይ ቆይ። እህሉን የሸጠው ነጋዴ አልሰረቀም። የጫነው ሾፌር ደመወዙን ተቀበለ። በከተማ ገዝቶ የበላውም ዋጋውን ከፈለ። ማንም የገበያን ሕግ አልጣሰም፤ ሕዝብ ግን አለቀ። ይህን የዝናብ ሥራ ብቻ ነው ልንል እንችላለንን? ዝናብን ማንም ሰው አይከለክልም፥ ማንም ሰው አያዘንብም፤ እህል የሚሄድበትን መንገድ ግን ሰው ያቃናዋል። መከራ በሰው እጅ ካለመሆን ወደ ሰው እጅ የሚሻገርበት ድንበር በዚህ ስፍራ ነው፤ ከዚህም ድንበር ወዲህ ያለው ሁሉ ከእጃችን ይጠየቃል።

ስለ ማሰናዳት በተነገረ ቍጥር የዮሴፍ ታሪክ ይጠቀሳል። በጥጋቡ 7 ዓመት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አከማችቶ የግብፅን ሕዝብ አዳነ፤ ይህ እውነት ነው፥ ጥበቡም የሚመሰገን ነው። ሰባኪዎች ግን ብዙ ጊዜ በዘፍጥረት 41ኛው ምዕራፍ ላይ ያቆማሉ፤ 47ኛውን አያነቡም። በዚያ የተጻፈውን ስናነብ፥ የግብፅ ሰዎች ስለ እህሉ መጀመሪያ ገንዘባቸውን፥ ቀጥሎ ከብታቸውን፥ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ሰጡ። ነፍሳቸው ዳነ፥ ነጻነታቸው ግን በፈርዖን ጎተራ ውስጥ ቀረ። ከዚህ የምንማረው፥ ማሰናዳት ብቻውን የፍቅር ሥራ እንዳይደለ ነው፤ ጎተራው በማን እጅ እንዳለ ደግሞ መጠየቅ ይገባል። ችግረኛው ሰው የገዛ ጎተራውን እንዲሞላ፥ ውኃውን በገዛ ኩሬው እንዲያቆይ፥ ዘሩን በገዛ ማድጋው እንዲያኖር የሚረዳው ወዳጁ ነው። በችግሩ ቀን ቁልፉን ይዞ በደጅ የሚያስጠናው ግን መጋቢ ቢባልም ጌታው ሆኗል።

ስለ ረኃብ አብዝተን ተናገርን፤ ረኃብ ያገራችን ዋና መከራ ነውና። ነገር ግን ጎርፍም አለ፥ ናዳም አለ፥ የምድር መናወጥም አለ። እነዚህ እንደ ረኃብ ቀስ ብለው አይመጡም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ያልተሰናዳ ሰው በዚያች ሰዓት የሚሠራው ነገር ጥቂት ነው። የድሬዳዋ ሰው ደቻቱን ያውቀዋል። ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፥ ይነግድበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከላይ ከደጋው የዘነበው ውኃ በአሸዋው መንገድ ወርዶ፥ ሰዎችን በመኝታቸው ወሰደ፤ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በወንዝ ዳር ቤት የሠራው ማን ነው? አደጋውን የማያውቅ ሞኝ ሰው አይደለም፤ ከዚያ በቀር የሚገኝ መሬት ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው ነው። ባለ ጠጋው በኰረብታ ላይ ይሠራል፥ ድሃውም በተረፈው ስፍራ ይሠራል፤ የተረፈውም ስፍራ ውኃው የሚያልፍበት ነው። ታዲያ ጎርፉ መርጦ ወሰደ እንላለን፤ መርጠን ያስቀመጥነው ግን እኛ ነን።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሳንናገር ማለፍ አይቻለንም። ከብዙ ዝናብ በኋላ የተራራው ጎን ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤቶች ይህን ሰምተው ከየአቅጣጫው ሮጡ፤ በአካፋና በባዶ እጃቸው ጭቃውን ይቆፍሩ ጀመር። የቀበሌው ሹም፥ መምህራንና የጤና ሠራተኞችም በመካከላቸው ነበሩ። እነርሱ ሲቆፍሩ ሳለ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተናደና በላያቸው ወረደ። ከሞቱት ከ200 ከሚበልጡ ሰዎች ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡ ነበሩ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ዝም ማለት ይሻላል የሚል ሰው አለ፤ አሳቡም ይገባናል። ነገር ግን ዝም ብንል ሌላ ተራራ አለ። እነዚያ ሰዎች ክርስቶስ ስለ ፍቅር ካስተማረው ሁሉ ታላቁን ፈጽመዋል፤ ከፍቅር አንዳች አልጐደላቸውም። የጐደላቸው፥ አንድ ጊዜ የተናደ ገደል ውኃ ጠጥቶ ሳለ ዳግመኛ ሊናድ እንደሚችል የሚነግራቸው ሰው፥ ከላይ ቆሞ የሚጠብቅ ዘብ፥ ቀድሞም ቤቶቹን ከገደሉ ሥር የሚያዛውር አሳብና ገንዘብ ነው። ይህን ማቅረብ የሚገባው በዚያን ዕለት ከጭቃው ውስጥ የነበረው ጎረቤት አልነበረም፤ በሩቅ ያለን፥ ጊዜም ትምህርትም ያለን ነን። ተማሪ ሆይ፥ ስለ አፈርና ስለ ውኃ፥ ስለ ድንጋይ የምትማረው ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚመስልህ እንደ ሆነ፥ ለእነዚያ ሰዎች በጊዜው ያልደረሰላቸው ነገር ያ ትምህርት እንደ ነበረ አስብ። ዕውቀት የሌለው ፍቅር ይሮጣል፤ ፍቅር የሌለው ዕውቀት ደግሞ በደብተር ተዘግቶ ይቀመጣል፥ ከሁለቱም የሚከፋው ይህ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ ዙሪያ ምድር ደጋግማ በተናወጠች ጊዜ፥ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠሩ የአፋርና የኦሮሞ ሰዎች ከስፍራቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። ከቤትና ከከብት ተለይቶ በድንኳን መኖር ጽኑ መከራ ነው፤ ብዙዎችም ተንገላቱ፥ በከንቱ ተነሣን ያሉም ይኖራሉ። ያልወደቀ ቤት፥ ያልሞተ ሰው ለዓይን አይታይምና። አስቀድሞ የሚያሰናዳ ሰው ምስጋናን መጠበቅ የለበትም፤ ሥራው በተሳካ መጠን ሥራው አላስፈለገም ይባላል። ጌታችን በስውር ስለሚደረግ ምጽዋት ያስተማረው ትምህርት ከዚህ ይልቅ ለየትኛው ሥራ እንደሚስማማ አናውቅም።

ከመከራው በኋላ ስለሚደረገው ርዳታ ጥቂት እንናገር። የተጐዳውን ሰው የሚሻውን ሳይጠይቁ መርዳት ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ጉዳት ይሆናል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከ500 ሺሕ የሚበልጥ ሕዝብ ከወሎና ከትግራይ፥ ከሸዋም እየተነሣ ወደ ደቡብ ምዕራብ አገር ለሰፈራ ተወሰደ፤ ለገዛ ጥቅማቸው ነው ተባለ። ብዙዎቹ በግድ ሄዱ፥ ባልና ሚስት ተለያዩ፥ ደገኛውም ወባ ባለበት ቆላ ወርዶ ሞተ። አሳቢዎቹ ካርታ ነበራቸው፤ የጠየቁት ሽማግሌ ግን አልነበረም። አንተም አሮጌ ልብስህን ጠቅልለህ ስትልክ፥ የሚቀበለው ሰው የተራበው ልብስ ነው ወይስ ዘር ነው ብለህ ጠይቅ። ዝናብ ከመጣሉ በፊት የደረሰ የጤፍ ዘር፥ ለጊደር መግዣ የተሰጠ ገንዘብ፥ የተደፈነ ምንጭ የሚከፍት አካፋ ከልብስ ይልቅ ይጠቅም ይሆናል። ደግሞም የተቸገረውን ሰው በውርደቱ ሰዓት ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሰጪዎች ማሳየት የተለመደ ሆኗል። የወሎውን መከራ የገለጠው ፎቶግራፍ እንደ ሆነ ጽፈናልና ፈጽመን አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ያች እናት ስም አላት፥ ልጇም ነገ አድጎ ራሱን በዚያ ሥዕል ያያል። በገዛ እናትህ ላይ ሲደረግ የማትወደውን በእርሷ ላይ አታድርግ።

እኔ ድሃ ነኝ፥ ተማሪ ነኝ፥ ምን ላደርግ እችላለሁ ትል ይሆናል። አዲስ ማኅበር አቁም አንልህም፤ ማኅበሩ በሰፈርህ አለ። እድሩ በየወሩ ይሰበሰባል፥ ገንዘብ ያዋጣል፥ ድንኳንና ወንበር፥ ድስትም አለው፤ ሰው በሞተ ዕለት ሳይጠሩት ይደርሳል። ይህ ያገራችን ሕዝብ ያለ ማንም መካሪ ያቆመው መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን እድር የሚነሣው ከሞት በኋላ ነው። ለቀብር የሚሆን ድንኳን ቤቱ በጎርፍ ለተወሰደበት ሰው መጠለያ ለመሆን ምን ይከለክለዋል? ከመዋጮው ጥቂቱ ተለይቶ ቢቀመጥ፥ በወንዝ ዳር ላለችው መበለት ክረምት ሳይገባ ቦይ ለማስቈፈር፥ ወይም በገጠር ያለው የአባል ወንድም በሬውን እንዳይሸጥ ብድር ለመስጠት አይበቃምን? በአንዳንድ ስፍራ እድሮች ለሕመምተኛና ለወላጅ አልባ ሕፃናት ርዳታ እስከ መስጠት ደርሰዋል፤ ስለዚህ ነገሩ የማይቻል አይደለም።

በሚመጣው ስብሰባ ላይ ከጸሎቱ በኋላ ተነሥተህ ይህን ጠይቅ። በሰፈራችን ከወንዙ ዳር፥ ወይም ከገደሉ ሥር የሚያድር ማን ነው? ውኃ በሌሊት ቢመጣ መሮጥ የማይችል ማን ነው? ዓይነ ስውሩን ማን ይመራዋል፥ አራስዋን ማን ይሸከማታል፥ በየትኛው መንገድ ይወጣሉ፥ የሚቀበላቸውስ የማን ቤት ነው? ጸሓፊው የአባላቱን ስም የሚጽፍበት መዝገብ በፊቱ ተዘርግቷል፥ ብዕሩም በእጁ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ግማሽ ገጽ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ይጻፍ።